እግር የጎደለው መልእክተኛ፦ የመልሬዲ ፖስታና አላጋጮቹ

በሜይ 1840 መጀመሪያ ለንደን ውስጥ ወደ ፖስታ ቤት ጎራ ያለ ሰው (ወሩም ዓመቱም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ሁለት አዳዲስ ነገሮች ለሽያጭ ቀርበው ያገኝ ነበር። አንደኛዋ የንግሥት ቪክቶሪያ የጎን ፊት የታተመባት፣ ከጀርባዋ ሙጫ የተቀባች ጥቁር ቁራጭ ወረቀት ናት። ሁለተኛው የመላኪያ ሂሳቡ በዋጋው ውስጥ የተካተተ፣ ፊቱ በሥዕል የተጨናነቀ ፖስታ ነው። የመጀመሪያዋን፣ ቴምብሯን፣ ዛሬ ዓለም ሁሉ ፔኒ ብላክ ብሎ ያውቃታል። የፖስታ አገልግሎቱን ያሻሻሉት ሰዎች ግን ሕዝቡ ይሻማበታል ብለው የጠበቁት ሁለተኛውን ነበር።

ሁለቱም ከሜይ 6 ጀምሮ እንዲያገለግሉ ተፈቀደ። በሜይ 12 የማሻሻያው አባት ሮውላንድ ሂል ማስታወሻ ደብተሩን ከፍቶ፣ የፖስታውን ሥዕል በሌላ መተካታችን አይቀርም ብዬ እፈራለሁ ሲል ጻፈ። ሕዝቡ ለውበት ደንታ ቢስ መሆኑ ሳያንስ ውበትን ጭራሽ እንደሚጠላ አሳየን የሚል ምሬትም አከለበት። ገና ስድስት ቀን መሆኑ ነው።

ሂል በውበት ላይ ያሳበበው እኔን አያሳምነኝም። የለንደን ሰው ሥዕል ስለሚጠላ ሥዕሉን ጣለው እንዳይባል፣ ያው ሰው ወዲያው በዚያው ፖስታ ላይ የሚያላግጡ ሌሎች ሥዕሎችን እየከፈለ ይገዛ ጀመር። የጠላው ሌላ ነገር ነው። ምን እንደሆነ ለማየት ግን ጉዳዩን ከሥሩ መያዝ ያስፈልጋል።

ከማሻሻያው በፊት በብሪታኒያ የደብዳቤ ዋጋ የሚሰላው በርቀትና በወረቀቱ ብዛት ነበር። ከለንደን ኤዲንብራ ለሚሄድ ባለ አንድ ወረቀት ደብዳቤ ከአንድ ሺሊንግ (ከ12 ፔኒ) በላይ ይጠየቃል፤ ብዙውን ጊዜም የሚከፍለው ተቀባዩ ነው። ደብዳቤውን ሌላ ወረቀት ውስጥ ከከተቱት ወረቀቱ ሁለት ሆነ ተብሎ ዋጋው እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ሰዉ የጻፈበትን ወረቀት ራሱን አጥፎ፣ አሽጎ፣ በጀርባው አድራሻ ይጽፍበት ነበር። በእኛ ቋንቋ ፖስታ ስንል ደብዳቤው የሚከተትበትንም፣ የሚሄድበትንም መንገድ ስለምንጠራበት ሁለቱ ከጥንት አብረው የኖሩ ይመስለናል። በዚያ አገር ግን መክተቻው ለአብዛኛው ሰው የማይታሰብ ቅንጦት ነበር።

ሂል በ1837 ባሳተመው መጽሔት መሰል ጽሑፍ ይህን ሁሉ የሚያፈርስ ሐሳብ አቀረበ። ወጪው ያለው በርቀቱ ላይ ሳይሆን በሂሳብ አያያዙና በአሰባሰቡ ላይ ነው፤ ስለዚህ ዋጋው በክብደት ይሁን፣ በመላ አገሪቱም አንድ ይሁን፣ ላኪው አስቀድሞ ይክፈል አለ። ከግማሽ አውንስ (14 ግራም ገደማ) ለማይበልጥ ደብዳቤ አንድ ፔኒ፣ እስከ አንድ አውንስ ላለው ሁለት ፔኒ። ሕጉ በ1839 ጸደቀ፤ የአንድ ፔኒው ዋጋ በጃንዋሪ 10 ቀን 1840 ተጀመረ። በዚያው ቀን የምክር ቤት አባላት ደብዳቤ በነጻ የመላክ መብታቸውን አጡ። አዲሱን ነገር በክፉ ዓይን የሚጠብቁ ባለሥልጣናት ቁጥር ከዚያ ዕለት ጀምሮ ቀላል እንዳልነበር መገመት ይቻላል።

አስቀድሞ ለመክፈል የተከፈለበት ምልክት ያስፈልጋል። የገንዘብ ሚኒስቴር በ1839 ለሕዝብ ውድድር አውጥቶ ከ2,600 በላይ ሐሳቦች ደረሱት። ለአራት ተወዳዳሪዎች መቶ መቶ ፓውንድ ሸለመ፤ አንዳቸውንም ግን እንዳለ አልወሰደም። ከተሸላሚዎቹ አንዱ የሂል ረዳት ሄንሪ ኮል ነበር። በዲሴምበር 1839 የፖስታውን ሥዕል እንዲሠራ ከንጉሣዊው የሥነ ጥበብ አካዳሚ አባል ከዊልያም መልሬዲ ጋር የተነጋገረው እርሱ ነው።

መልሬዲ በአየርላንድ፣ በኤኒስ ከተማ በ1786 የተወለደ ሠዓሊ ነው፤ በዚያን ጊዜ የታወቀና የተከበረ ስም ነበረው። ያቀረበውም እንደ ክብሩ ነበር። መሐል ላይ በቋጥኝ የተቀመጠችው ብሪታኒያ፣ አገሪቱን የምትወክለው ሴት ናት፤ ጋሻዋ ከጎኗ፣ አንበሳዋ ከእግሯ ሥር ነው። እጆቿን ግራና ቀኝ ዘርግታ ክንፍ ያላቸው መልእክተኞችን ወደ ዓለም ማዕዘናት ትልካለች። በአንድ ወገን ዝሆንና ግመል፣ ቻይናውያንም አሉ። በሌላው ወገን የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ከነጮች ጋር ይጨባበጣሉ። ከበስተኋላ መርከቦች፣ በሩቁም በአጋዘን የሚጎተት የበረዶ ጋሪ ይታያል። ከታች በሁለቱም ጥግ ደብዳቤ የደረሳቸው ቤተሰቦች ተሰብስበው ያነባሉ። ይህ ሁሉ ጉባኤ ከተሰየመ በኋላ ለአድራሻ የተረፈው ከብሪታኒያ እግር በታች ያለው ባዶ ቦታ ብቻ ነው። ደብዳቤው የሚሄድበት ሰው ስም የዓለም ሕዝብ ከሥር ተኮልኩሎ እንደሚያነበው ማስታወቂያ ሆኖ ይቀመጣል።

ከበራሪዎቹ አንዱ ደግሞ እግሩ አንድ ብቻ ነው። ምናልባት ሁለተኛው ከአካሉ ጀርባ ተሸፍኖ ይሆናል፤ የለንደን ሰው ግን ይህን ሰበብ አልተቀበለም። ከባድ ነገር የተሸከመ ሥዕል ላይ የምትገኝ ትንሽ ስህተት ከሁሉ በላይ ታስቃለች።

ሥራው በእጅ ጥበብ በኩል የሚናቅ አልነበረም። ጆን ቶምሰን፣ በዘመኑ የታወቀ ቀራጺ፣ ሥዕሉን ናስ ላይ አወጣው። ቀለም የሚይዘው መስመር ከፍ ብሎ እንዲቀር፣ ነጭ ሆኖ የሚታየው ቦታ ሁሉ ተፍቆ መውጣት አለበት፤ በዚህ ሥዕል ውስጥ ስንት ቀጭን መስመር እንዳለ ያየ ሰው የቶምሰንን ዓይን ያዝንለታል። ከዋናው ቅርጽ ለብዙ ማተሚያዎች የሚሆኑ የብረት ግልባጮች ተወስደው ዊልያም ክላውስ ማተሚያ ቤት አተማቸው። ወረቀቱ የጆን ዲክንሰን ነው፤ አስመስሎ እንዳይሠራ በውስጡ የሐር ክር አልፎበታል። የአንድ ፔኒው በጥቁር፣ የሁለት ፔኒው በሰማያዊ ቀለም ታተመ፤ በተዘጋጀ ፖስታና በሚታጠፍ የደብዳቤ ወረቀት መልክም ቀረበ። መንግሥት ሐሰተኛ ሠሪ እንዳይመጣበት ይህን ያህል ተጠነቀቀ። የመጣበት ግን አላጋጭ ነበር፤ አላጋጭን የሚያግድ የሐር ክር ደግሞ የለም።

ታይምስ ጋዜጣ ፖስታው ለሽያጭ በወጣ በማግሥቱ፣ በሜይ 2፣ ከዚህ የባሰ የሚያስቅ ነገር አይተን አናውቅም በሚል መንፈስ ጻፈበት። ከዚያ በኋላ የለንደን ሥዕል ሻጮች እጅ ገባ።

እዚህ ላይ የኅትመቱን ጥበብ ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ጉዳዩን የወሰነው ግማሹ ይኸው ይመስለኛል። ኦፊሴላዊው ፖስታ ከትእዛዙ እስከ ሽያጩ አራት ወር ከመንፈቅ ገደማ ፈጀ። በዚያው ዘመን ግን የድንጋይ ኅትመት፣ ሊቶግራፍ የሚባለው፣ በለንደን በደንብ ተለምዶ ነበር። ሠዓሊው ቅባትነት ባለው እርሳስ በለሰለሰ የኖራ ድንጋይ ላይ እንደ ወረቀት ይሥላል። ድንጋዩ በውኃ ሲርስ ውኃው ባዶውን ቦታ ይይዛል፤ ቀለሙ ቅባት ያለበት መስመር ላይ ብቻ ይጣበቃል። መፈልፈል የለም፣ መፋቅ የለም። ሠዓሊው ማታ ያሰበውን ቀልድ በጥቂት ቀናት ውስጥ በሱቅ መስኮት ላይ ሊያየው ይችላል። ከማላገጫዎቹ ብዙዎቹ በዚህ መንገድ የወጡ ናቸው፤ በመዳብና በእንጨት የተቀረጹም ነበሩ። መንግሥት በናስ ሲናገር ሕዝቡ በድንጋይ መለሰለት ማለት ነው፤ ድንጋዩ ደግሞ የፈጠነው ነው።

ከመላሾቹ መካከል የ22 ዓመቱ ጆን ሊች ይገኝበታል። በቅዱስ በርተሎሜዎስ ሆስፒታል ሕክምና መማር ጀምሮ የተወ፣ እንጀራውን በእርሳሱ ለመጋገር የሚታገል ወጣት ነበር። በፒካዲሊ ጎዳና ሱቅ ለነበረው ለፎርስ የመልሬዲን ፖስታ የሚያፌዝ ሥዕል ሠራለት። መልሬዲ በሥራው ግርጌ ስሙን ከነአካዳሚ ማዕረጉ ጽፎ ነበር። ሊች በዚያ አንጻር ፊርማው አድርጎ የሣለው በጠርሙስ ውስጥ ያለች አልቅት ነው። ሊች በእንግሊዝኛ አልቅት ማለት ነው፤ ጠርሙሷም ሐኪሞች ደም ለማስመጠጥ አልቅት የሚያስቀምጡባት ዓይነት ናት። ከጥቂት ጊዜ በፊት ሐኪም ሊሆን ለነበረ ሰው ጥሩ ፊርማ ነው። መልሬዲ ግን ነገሩን በሌላ ተረጎመው ይባላል፤ ለሥራው በወሰደው ገንዘብ ደም መጣጭ የተባለ መስሎት ክፉኛ ተቀይሞ፣ አልቅቷ የወጣቱ ስም መሆኗን ያስረዱት ከጊዜ በኋላ ነው። የ54 ዓመቱ የአካዳሚ አባልና የ22 ዓመቱ ቀልደኛ ምን ያህል በተለያየ ዓለም ይኖሩ እንደነበር ለማየት ከዚህች ጠርሙስ በላይ ማስረጃ አልፈልግም።

ፎርስ ብቻውን አልነበረም። ስትራንድ ጎዳና ላይ ስፑነር የራሱን ተከታታይ አወጣ፤ ሌሎችም ተከተሉ፤ ከስኮትላንድም መጡ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንዲሉ፣ በዚያ በጋ የመልሬዲ ፖስታ ላይ ምሳሩን ያላነሳ የለንደን ሥዕል ሻጭ ማግኘት ሳይከብድ አይቀርም። የሱቅ ዓይን ያለው ፎርስ ደግሞ ገበያው ከማላገጥ አልፎ እንደሚሄድ ቶሎ ገባው፤ ስለ አደን፣ ስለ ፈረስ እሽቅድምድም፣ ስለ ጭፈራ፣ ስለ ሙዚቃ፣ ስለ መጠናናት የሚያስቁ ፖስታዎችን አከታተለ።

ከሁሉ ይበልጥ ስለታሙ ግን የጆን ዶይል ይመስለኛል። ዶይል እንደ መልሬዲ የአየርላንድ ሰው ነው፤ የደብሊን ልጅ። ፖለቲካዊ ሥዕሎቹን በሊቶግራፍ እየሠራ ኤች ቢ በሚል ምልክት ብቻ ያወጣ ስለነበር ማንነቱን የሚያውቁት ጥቂቶች ነበሩ። እርሱ ብሪታኒያን ከመቀመጫዋ አስነሥቶ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩን ሎርድ ፓልመርስተንን አስቀመጠበት።

ይህ ለምን እንዳሳመመ ለመረዳት የወሩን ዜና ማስታወስ ይበቃል። መንግሥት በኦፒየም ንግድ ሰበብ ከቻይና ጋር ጦርነት ውስጥ ገብቶ ነበር። በኤፕሪል 1840 ሰር ጄምስ ግርሃም የሚባል የተቃዋሚ ወገን የምክር ቤት አባል በቻይና ጉዳይ መንግሥትን የሚወቅስ ሐሳብ አቅርቦ በዘጠኝ ድምፅ ልዩነት ብቻ ወደቀ። በጁን የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ካንተን ባሕር ዳርቻ ደረሱ። እንግዲህ የመልሬዲ ሥዕል ላይ ከዝሆኖቹ አጠገብ ቻይናውያን አሉ፤ የብሪታኒያ የሰላም መልእክት በክንፍ ይደርሳቸዋል። በገሃዱ ዓለም ወደ እነርሱ የሚሄደው መርከብ መድፍ ጭኗል። ዶይል አዲስ ሥዕል መፍጠር አላስፈለገውም፤ እጁን ዘርግቶ ወደ ምሥራቅ የሚልከው ማን እንደሆነ በስሙ መጥራት ብቻ በቂ ነበር።

የአማርኛ አንባቢ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ቅኔ የሰማ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሰሙ እንዳለ ይቆያል፣ ወርቁ ይለወጣል። የመልሬዲ ፖስታ ለአላጋጮች ይህን ያህል የተመቸው ሰሙን መንግሥት ራሱ ስላዘጋጀላቸው ነው። መሐል ላይ አንድ ላኪ፣ ግራና ቀኝ ተላኪዎች፣ ከዳር የሚቀበሉ ሕዝቦች፣ ከታች የሚያነቡ ቤተሰቦች። ቦታዎቹ ሁሉ ተመድበዋል። አላጋጩ የሚቀረው ሥራ ተቀማጩን መቀየር ነው። ፖስታው በየቤቱ ስለደረሰ ደግሞ ዋናውን ያላየ የለም፤ ቀልዱን ማስረዳት አያስፈልግም። ስላቅ ብዙ ጊዜ የሚቸገረው አድማጩ ዋናውን ስለማያውቅ ነው። እዚህ ግን ዋናውን ያሠራጨው ፖስታ ቤቱ ራሱ ነበር። ፔኒ ብላክ ላይ ይህ አልሆነም፤ አንድ ጭንቅላት ብቻ የያዘች ቁራጭ ወረቀት ማንንም የምታስቀምጥበት ባዶ ወንበር የላትም። ከ68 ሚሊዮን በላይ ታትማ ሥራዋን ዝም ብላ ሠራች።

ሂል ሕዝቡ ውበትን ጠላ ያለው ላይ የምከራከረውም ለዚህ ነው። ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ ለእናቱ፣ ለዕዳ ጠያቂው፣ ለወደደው ሰው ይጽፋል። መንግሥት በዚያ ደብዳቤ ፊት ላይ ራሱን አወድሶ ሲመጣ የሰው ቤት ሳይጠራ የገባ ያህል ነው። ሄንሪ ኮል ራሱ በኋላ ዘመን፣ የደብዳቤ መላኪያ ደረቅ የንግድ ጉዳይ ሆኖ ሳለ ስሜት የሞላበት ሥዕል ማድረጋችን ስህተት ነበር ሲል አምኗል። ኮል ከስህተቱ ተምሮ ይሁን እንጃ፣ በ1843 የመጀመሪያውን የገና ካርድ ለሠዓሊ ጆን ሆርስሊ አዝዞ አሠራ፤ አንድ ሺህ ቅጂ በሊቶግራፍ ታትሞ በእጅ ቀለም ተቀባ። እዚያ ላይ ሥዕል ቦታው ነበር፤ ገዢው መርጦ፣ ከፍሎ፣ ለሚወደው ሰው የሚልከው ነውና።

የጥቅም ጉዳይም አለበት። ጽሕፈት መሣሪያ ሻጮች መንግሥት ራሱ ወረቀትና ፖስታ አዘጋጅቶ መሸጥ መጀመሩን በደስታ አላዩትም። ማላገጫዎቹን በሱቃቸው መስኮት ሲደረድሩ ሳቁን ብቻ ነበር የሚሸጡት ማለት ይከብደኛል፤ እያንዳንዱ የሚያስቅ ፖስታ የመንግሥት ያልሆነ ፖስታ ነው። የሚገርመው ግን ኪሳራው ሙሉ አለመሆኑ ነው። የመልሬዲ ፖስታ ዋጋው አብሮት ነው፤ ማላገጫው ግን የተከፈለበት ስላልሆነ በፖስታ ቤት ለመሄድ ፔኒ ብላክ ሊለጠፍበት ይገባል። በዚህ ዓይነት የተላኩ ማላገጫዎች ዛሬ ሰብሳቢዎች የሚሹአቸው ናቸው። ገንዘብ ሚኒስቴሩ በራሱ ላይ ከተሠራው ቀልድ፣ ደብዳቤ በተላከ ቁጥር አንዲት ፔኒ ያገኝ ነበር። ሂል ያቀደው የርካሽ ደብዳቤ ሥርዓት ደግሞ በዚህ መሐል እየሠራ ነው፤ በ1839 ወደ 76 ሚሊዮን የነበረው የደብዳቤ ቁጥር በ1840 ወደ 169 ሚሊዮን ወጣ። ሥርዓቱ አሸነፈ፣ ሥዕሉ ተሸነፈ።

በ1841 መጀመሪያ ተተኪው ወጣ፤ የንግሥቲቱ ራስ ጎልቶ የታተመበት፣ በሐምራዊ ሮዝ ቀለም የተሠራ ተራ ፖስታ። ማንም አልሳቀበትም። የቀረው ችግር የመልሬዲ ክምችት ነበር። ሕዝቡ ይሻማበታል ተብሎ በብዛት ታትሞ መጋዘን ሞልቷል፤ እያንዳንዱ ቅጠል ዋጋ ያለው ስለሆነ እንዲሁ ሊጣል አይችልም። በዝግ ምድጃ ሊያቃጥሉት ሞከሩ፤ የተደራረበ ወረቀት እንደ መጽሐፍ ነው፣ ዳሩ ጠቁሮ መሐሉ ይቀራል። በመጨረሻ የሚያበላሸው መሣሪያ ለዚሁ ሥራ ብቻ ተሠራ። ፖስታው ለመታተም የፈለገውን ብልሃት ያህል ለመጥፋትም ፈለገ።

ሊች በ1841 ከተመሠረተው ፐንች ከሚባል የቀልድ መጽሔት ጋር ሥራ ጀመረ፤ ዛሬ ካርቱን የምንለው ቃል ለቀልድ ሥዕል ስም የሆነው በ1843 በዚያ መጽሔት ላይ በወጣው በእርሱ ሥዕል ነው። በ1844 ወደ አሮጌው ቀልድ የሚመልሰው ጉዳይ መጣ። በለንደን የሚኖረው ጣሊያናዊ ስደተኛ ጁሴፔ ማዚኒ ደብዳቤዎቹ እየተከፈቱ እንደሆነ ጠረጠረ። ወዳጆቹ ወደ እርሱ በሚልኩት ፖስታ ውስጥ የፓፒ አበባ ጥቃቅን ዘሮች፣ ፀጉርና አሸዋ እንዲከቱ አደረገ፤ ሲደርሱት ባዶ ነበሩ። የምክር ቤቱ አባል ቶማስ ደንኮምብ በጁን አቤቱታውን ወደ ምክር ቤት ይዞ ገባ። የመክፈቻውን ፈቃድ የፈረመው የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ሰር ጄምስ ግርሃም ሆኖ ተገኘ፤ ያ ከአራት ዓመት በፊት በቻይና ጉዳይ መንግሥትን የወቀሰው ሰው።

ሊች ለፐንች ጸረ ግርሃም ፖስታ ሣለ። በብሪታኒያ ቦታ ግርሃም ተቀምጧል፤ በየአቅጣጫው የሚበሩት መልእክተኞች የሰው ደብዳቤ የሚሰልሉ ሆነዋል። በዚያ ሰሞን አንዳንድ ላኪዎች በደብዳቤያቸው ላይ ከሚኒስትሩ ስም ግሥ ፈጥረው፣ ይህ ደብዳቤ እንዳይገራሃም ብለው እስከ መጻፍ ደርሰው ነበር። ዋናው የመልሬዲ ፖስታ ከተተካ ሦስት ዓመት አልፎታል። ሥዕሉን ያዩት የፐንች አንባቢዎች ግን እጁን ዘርግቶ የተቀመጠው ሰው የማንን መቀመጫ እንደያዘ የሚነግራቸው አላስፈለጋቸውም።